ባሕሩን የጻፍኩበት ሰሌዳ

ባለፈው ሰሞን ልጄን ላመጣ ትምህርት ቤት ብሄድ ተረኛዋ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳውን በርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ ደረስኩ። የርጥብ ጠመኔ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እግሬ በሩ ላይ ቀረ። መምህርቷ «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ አቧራው ነው» አልኳት። አቧራውስ አቧራ ነው፤ ግን የዚያ ክፍል አቧራ አልነበረም።

ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሲነሳ ሰው ሁሉ ድርቁን ያስታውሳል። እኔ የማስታውሰው ባሕር ነው፤ ያውም በዓይኔ ያላየሁትን ባሕር። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ካርቱም፣ ዴም የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሐጃ ዘይነብ የምትባል ሱዳናዊት ግቢ ውስጥ ከአባቴና ከእናቴ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ግቢው ስድስት ክፍል፣ አንድ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ዚር የሚሉት የሸክላ ውሃ ማቀዝቀዣ ነበረው። ተከራዮቹ ሁላችንም ሐበሾች ነን። በሩ አጠገብ ያለችው ክፍል የጋሽ ታፈሰ ነበረች።

ጋሽ ታፈሰ ምጽዋ ላይ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የአየር ጠባይ ታዛቢ ነበር። ነፋስ ሲለካና ማዕበል ሲመዘግብ ብዙ ዓመት ኖሮ፣ ከደርግ ሹሞች ጋር ተጣልቶ በእግሩ ሱዳን የገባ ሰው ነው። ለምን እንደተጣሉ ብጠይቀው «ማዕበል አለ ብዬ ስለጻፍኩ» አለኝ። «የለም ብለህ ጻፍ ብለውኝ ነበር።» ቀልዱን ይሁን እውነቱን ዛሬም አላውቅም። እኔ ሳውቀው ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸዋል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ፊደል ማንበብ አይችልም። ባሕሩን ግን አልተወውም።

ከስደተኞች ትምህርት ቤት የተጣለ፣ ጥጉ የተሰበረ ጥቁር ሰሌዳ ከግቢው በር ውጪ አሰቅሎ፣ ዐርብ ዐርብ የመጪውን ሳምንት የባሕር ዳርቻ አየር ያስጽፍበታል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን ዴም ውስጥ ከሚኖረው ሐበሻ የግማሹ ልብ ጅዳ ነበር። ከሱዋኪን ወደብ ወዲያ ባሉት የባሕር ጥጎች ተሸሽጎ ሳንቡክ በሚሉት ጀልባ የሚሻገር ሰው ባሕሩ መቼ እንደሚተኛ ማወቅ አለበት። ባሕሩ ደግሞ ሉሪ በሚሉት የጭነት መኪና አንድ ቀን ከሌሊት ስለሚርቅ፣ ማወቅ ያለበት ገና ከካርቱም ሳይነሳ ነው። ሐጃ ዘይነብም ልጇ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ይሠራ ስለነበር፣ አማርኛ ማንበብ ባትችልም ሰሌዳው ፊት ትቆምና «ዘይት?» ትለኛለች። «ዘይት ነው፣ ሐጃ» ስላት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ትገባለች።

ጋሽ ታፈሰ ሦስት ቃል ብቻ ነበር የሚጠቀመው። ባሕሩ ጸጥ ሲል «ዘይት»፣ ሲንተከተክ «ሽሮ»፣ ሲቆጣ «አትሂዱ»። ከላይ «ሱዋኪንና አካባቢዋ» የሚል አርዕስት፣ ከሥሩ ሰባቱ ቀናት፣ ከየቀኑ ጎን አንዱ ቃል። አስጽፎኝ ሲያበቃ «አንብቢልኝ» ይላል። አነብለታለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ አየሩ አፉን አይከፍትም፤ መጥቶ የሚጠይቀውን ሁሉ በከዘራው ወደ በሩ እያመለከተ «ሰሌዳው ተናግሯል» ይለዋል። የአየር ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይበላሻል፣ መርከብ ያሰጥማል ባይ ነበር።

«መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባሕሩ አይታመንም» ይለኛል። «የደቡቡ ነፋስ ገና ክፍሉን ሳይለቅ የሰሜኑ ዕቃውን ተሸክሞ ይገባል። ሱዋኪን ላይ ይጣላሉ።» በኛ ግቢ ተከራይና ተከራይ ሲጣላ ስለማውቅ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። የሰሜኑ ነፋስ ፍራሽ በራሱ ላይ የተሸከመ፣ ቀጭን፣ ተናዳጅ ሰውዬ ነው።

ወሬውን የሚሰበስበው ሐሙስ ሐሙስ ነው። እጁን ይዤ ሉሪዎቹ ወደሚቆሙበት ሜዳ እወስደዋለሁ። ከባሕሩ የመጣውን ሾፌር ሰላም ብሎ፣ አቧራው በየትኛው ጎን እንደመታው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አሸዋው ላይ ጎትተው አውጥተው እንደሆነ ይጠይቃል። በመጨረሻ በጣቱ የሉሪውን ሸራ ያብስና ጣቱን ይልሳል። ጨው ካለው ባሕሩ ሲረጭ ሰንብቷል ማለት ነው። ሾፌሮቹ ለምደውት ስለነበር አደም የሚባለው «ያ ሸይኽ፣ ዛሬስ ጨዋችን ስንት ነው?» እያለ ይስቅበታል። እኔ አፍር ነበር። የክፍል ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ጎማው አዞራለሁ።

አንድ ነገር ግን ለማንም ያልነገርኩት ነበር። ባሕሩን የማዝዘው እኔ እንደሆንኩ አምን ነበር። ምን ላድርግ፣ የጻፍኩት ሁሉ ይሆናል! «ሽሮ» ብዬ በትልቁ የጻፍኩ ለት አደም ማዕበሉ ግምብ አፈረሰ ብሎ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ «ሽሮ»ን በትንንሹ እጽፍ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ሐሳቡን ያመጣል፣ ሥራውን የምትሠራው ግን የኔ ጠመኔ ናት።

በዚያ መጋቢት አባቴ ለመሄድ ቆረጠ። አባቴ ግርማ ጎንደር ውስጥ አስተማሪ ነበር፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ግን የሰው ግድግዳ ቀቢ ነው። ወረቀቱ አልቆበት፣ ከሻ በመጣ ቁጥር፣ ማለት ፖሊስ ስደተኛ ሲለቅም፣ ከአንዱ ቀለም ካልተቀባ ቤት ወደ ሌላው ይሸሻል። ጅዳ ያለ የአክስቱ ልጅ ሥራ አግኝቼልሃለሁ፣ ና ብሎ ላከበት። የሳንቡኩ ሰውዬም ቦታ ይዞለታል። ጎረቤታችን ሽፈራው፣ የቀን ሥራ የሚሠራው ጎረምሳ፣ አብሮት ሊሄድ ነው። የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነበር። አባዬ እናቴን «የዐርቡን ሰሌዳ አይተን እሑድ እንነሳለን» ሲላት ሰማሁ። እናቴ ሸሚዞቹን አጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተች።

ዐርብ ጋሽ ታፈሰ ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጀመረልኝ። «ቅዳሜ፣ ሽሮ። ከእሑድ እስከ ዐርብ፣ ዘይት። ስድስት ቀን ዘይት! ይሄ በመጋቢት መጨረሻ የማይገኝ ነው። አባትሽ ዕድለኛ ሰው ነው።»

አባቴ ከሚሄድ ባሕሩ ቢቆጣ ይሻላል ብዬ አሰብኩ፤ በቃ ይኸው ነው ያሰብኩት፣ ሌላ የለውም። «አትሂዱ» ብዬ ሰባት ጊዜ ጻፍኩ።

«አንብቢልኝ» አለኝ።

«ቅዳሜ ሽሮ» አልኩት። «እሑድ ዘይት፣ ሰኞ ዘይት፣ ማክሰኞ ዘይት...» ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ አንብቤ አላውቅም።

«ጎበዝ ጸሐፊዬ» ብሎ ራሴን ደባበሰኝ።

አባቴ ሰሌዳው ፊት ሻንጣውን እንደያዘ ቆመ። «ሰባት ቀን ሙሉ?» አለ ሽፈራውን እያየ። ሽፈራው እጁን አጨበጨበ። «ኸላስ፣ በቃ፣ በሚቀጥለው ሳንቡክ፣ ኢንሻላህ።» አባቴ ተመልሶ ሸሚዞቹን ከሻንጣው ሲያወጣ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ዚሩን እየዞርኩ ሮጥኩ። ጋሽ ታፈሰ አባቴ አለመሄዱን ሲሰማ ከተማው ስለተረበሸ የቀረ መሰለው፤ ስለ አየሩ ባለማውራት ደንቡ መሠረት እሱም አልጠየቀም፣ አባቴም አላነሳም።

ከተማው በርግጥ ተረብሾ ነበር። ዳቦ ተወዶ፣ ተማሪው መንገድ ወጥቶ፣ ከገበያው በኩል አስለቃሽ ጭስ ከአቧራው ጋር እየተቀላቀለ ይመጣል። እኔ ግን የሆነውን ያወቅኩት እሑድ ጠዋት ሰሌዳውን ቀና ብዬ ሳየው ነው። ቸኩዬ አርዕስቱን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ! «ሱዋኪንና አካባቢዋ» የሚል የለም። ሰባት ቀን ቁጣ አዝዤ የት እንደሚሄድ አልነገርኩትም፤ ስለዚህ የተጻፈበት ቦታ መጣ። ማዕበሉ ካርቱም ገባ። የሱዳን አብዮት የኔ ጥፋት መሆኑን በዚያች ደቂቃ ተረዳሁ።

ጠመኔ ይዤ ልጽፈው ስሮጥ እናቴ በክንዴ ጎትታ አስገባችኝ፤ መንገዱ በሰልፈኛ ተሞልቶ ነበር።

ሰኞ አባቴ ዳቦ ሊሰለፍ ወጣ። አልተመለሰም። የዳቦ ቤቱ ሰው ለሐጃ ዘይነብ እንደነገራት፣ ፖሊሶች «ረብሻውን የምታነሱት እናንተ አጃኒብ ናችሁ» ብለው ሰልፉ ላይ የተገኙትን የውጭ ሰዎች በሙሉ ጭነው ወስደዋል። እናቴ ነጠላዋን ደርባ ከፖሊስ ጣቢያ ፖሊስ ጣቢያ ዞረች። ሐጃ ዘይነብ አብራት እየሄደች በየበሩ በዐረብኛ ጮኸችላት። የሚሰማ የለም። ማክሰኞ የለም፣ ረቡዕ የለም። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቆረጠ፣ ሐኪሙም ሠራተኛውም አድማ መታ። ሬዲዮው ማርሽ ብቻ ያሰማል። እኔ ኒሙ ሥር ቁጭ ብዬ ቀን እቆጥራለሁ፤ የጻፍኩት እስከ ዐርብ ስለሆነ ቅዳሜ ማለቅ አለበት። ምግብ አልበላ ስላልኩ እናቴ ጾም የያዝኩ መስሏት አዘነችልኝ፤ ያ ከቁንጥጫ የባሰ አመመኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ ወታደር ተናገረ። ፕሬዚዳንቱ ወርዷል፣ ጦሩ ሥልጣን ይዟል፣ የሽግግር ጊዜ ይሆናል አለ። ዴም በአንድ ጊዜ እልል አለች። ሐጃ ዘይነብ በባዶ እግሯ መንገድ ወጣች። ሰው ሁሉ የኒም ቅርንጫፍ ይዞ ይጨፍራል። የኔን ማዕበል እንዲህ እልል ብለው መቀበላቸው ግራ ገባኝ።

ከቀትር በኋላ ከዚያ ጭፈራ ውስጥ አባቴ ወጣ። የታሰረበትን ጣቢያ በር ሕዝቡ ከፍቶት ነው። ሸሚዙ ተተርትሯል፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ ቅንድቡ ላይ ደም ደርቋል። በእጁ አንድ ሰው ያስያዘው የኒም ቅርንጫፍ አለ፤ ምን እንደሚያደርግበት ስላላወቀ ለኔ ሰጠኝ። እግሩን አይቼ ማልቀስ ጀመርኩ። «ምነው፣ መጣሁ እኮ» አለኝ። እኔ የማለቅሰው ጫማውን የወሰድኩበት እኔ በመሆኔ ነበር።

አድማው ሲያበቃ ሉሪዎቹ መጡ። አደም በራችን ላይ ቆሞ ሻይ እየጠጣ፣ «ባሕሩ? ወላሂ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሳህን ነበር። ሳንቡኩ ሞልቶ ተሻገረ፣ ሁሉም ደርሰዋል» አለ።

ሽፈራው ብድግ አለ። ቁጡ ልጅ አይደለም፤ ያን ለት ግን ጮኸ። «ጋሽ ታፈሰ! በእግዜር፣ ሰባት ጊዜ አትሂዱ? ሰባት ጊዜ? አንተን አምነን እኮ ነው የቀረነው! ጋሽ ግርማን እየው፣ ሊገድሉት ነበር።»

ጋሽ ታፈሰ «አትሂዱ?» ብሎ ጀመረና አቆመ። ፊቱን እኔ ወደቆምኩበት ዚር መለሰ። ያየኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ጥላዬን አይቶ ይሆናል።

«አዎ፣ ብያለሁ» አለ። «ተሳሳትኩ። እርጅና ነው፣ ይቅር በሉኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሰሌዳውን የሚያየው ሰው ጠፋ። ሐጃ ዘይነብ «ዘይት?» ማለቷን ተወች። የሰፈር ልጆች ፍየል ሣሉበት። ሐሙስ ሲደርስ እጁን ልይዘው ብሄድ ጋሽ ታፈሰ አልጋው ላይ ተቀምጧል። «ዛሬ ደክሞኛል» አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ እንዴት በወደድኩ።

ማግስቱ ስቅለት ነበር። ግቢው በሙሉ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ፣ እውነትም አሞኝ ነበር። ጨርቁን ዚሩ ውስጥ ነክሬ ፍየሉን ጠረግኩ። ሰሌዳው ሳይደርቅ ጻፍኩ።

«ጋሽ ታፈሰ አልተሳሳተም። ዘይት ያለውን አትሂዱ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባዬ እንዳይሄድ ነው።»

የጠመኔውን ጩኸት ሰምቶ በከዘራው እየተመራ ወጣ። «ምን ጻፍሽ?» አለ። «አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። ያን ጊዜ ግን ሦስት ጊዜ ነው የጀመርኩት። ሲያልቅ ሰሌዳውን በመዳፉ ዳበሰው፤ ጠመኔው እጁ ላይ ነጣ።

«አርዕስት የለውም» አለኝ። ከዚያ በርጩማውን ሳበና አጠገቤ ተቀመጠ። የግቢው ሰዎች ከስግደት እስኪመለሱ እዚያው ቆየን።

ነጭ ለብሰው ተመለሱ፤ በሩ ላይ ቆመው ተራ በተራ አነበቡት። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝና «ያን ሁሉ እንቅልፍ ያጣሁት ባንቺ ነው?» አለች፤ መልሳ አቅፋኝ አለቀሰች። ሽፈራው የጋሽ ታፈሰን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ሽማግሌው በከዘራው ከለከለው። አባቴ ከሁሉም በኋላ ነው የተናገረው። ያልዳነውን ቅንድቡን እያሻሸ «ባሕሩን ፈርቼ የቀረሁ መስሎኝ ነበር እኮ» አለ።

ቅዳሜ ሽፈራው ራሱ ጋሽ ታፈሰን እጁን ይዞ ወደ ሉሪዎቹ ወሰደው። ሲመለሱ ጣቱን እየመጠጠ ነበር። «ጨው የለም» አለኝ። «ጠመኔ አለሽ?»

ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። አርዕስቱን በትልቁ ጻፍኩ። «እሑድ፣ ሽሮ» አለ። ጻፍኩ። «ሰኞ፣ ዘይት።» እጄ ቆመ። ማንም አልገፋኝም። አባቴ ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ያቺን ቃል ከጻፍኩ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ካልጻፍኩ ደግሞ እዚሁ ጫማውን እያስወለቁ ይወስዱታል። ጻፍኳት። ማክሰኞ ዘይት፣ ረቡዕ ዘይት፣ ሐሙስ ዘይት፣ ዐርብ ዘይት፣ ቅዳሜ ዘይት። ባሕሩ ጠፍጣፋ እንዲሆን ፊደሎቹን ሳላጎብጥ ጻፍኳቸው።

«አንብቢልኝ» አለ ጋሽ ታፈሰ። አነበብኩ። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «እንግዲህ አንቺን አምኜ ነው የምሄደው» አለኝ።

ፋሲካን አብረን ፈሰክን። ሰኞ ማለዳ ሽፈራውና አባቴ በአደም ሉሪ ላይ፣ ከጆንያዎቹ መሐል ወጡ። አባቴ ሽፈራው ባዋሰው፣ አንድ ቁጥር በሚሰፋው ጫማ ነው የሄደው። አቧራው እስኪከድናቸው እጁን አወዛወዘልኝ።

እኔ ሰሌዳው ሥር ተቀመጥኩ። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ነኝ። እጁን የሚያስጠጋ ልጅ ካለ ድንጋይ አነሳለሁ። ዐርብ ሲደርስ ጋሽ ታፈሰ በርጩማውን ይዞ ወጣ፤ እኔ ጨርቁን ከኋላዬ ደበቅኩ። «አልጠርገውም» አልኩት። «ገና ባሕሩ ላይ ቢሆንስ?» አስቦ፣ አስቦ «እሺ» አለ። ያ ዐርብ ጋሽ ታፈሰ ሊያስጽፍ ወጥቶ ሰሌዳው ያልተጻፈበት ብቸኛው ዐርብ ነበር። ሌሎች ሲጠይቁት በከዘራው ወደኔ እያመለከተ «ጸሐፊዋ አልፈቀደችም» ይላቸው ነበር። ሐጃ ዘይነብ ግን ዕለት ዕለት እየመጣች «ዘይት?» ትለኛለች። «ዘይት ነው፣ ሐጃ።» «አልሐምዱሊላህ።»

ቀኑ ረዘመ። አንድ ጠዋት አቧራ ተነሳና ሰሌዳውን ሊያጠፋብኝ ሲል በቀሚሴ ከልዬው ቆምኩ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ የአደም ሉሪ በራችን ላይ ቆመ። አደም ሳይወርድ በመስኮቱ «ወይን ካቲባ? ጸሐፊዋ የታለች?» ብሎ ጮኸ። ማዶ ደርሶ የተመለሰ መርከበኛ የሰጠው ነው ብሎ፣ በአራት የታጠፈ የሲጋራ ወረቀት ጣለልኝ። እናቴ ከቤት እየሮጠች ወጣች። ጋሽ ታፈሰ ከዘራውን ረስቶ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ መጣ።

በእርሳስ የተጻፈ፣ የአባቴ የአስተማሪ ጽሕፈት ነው። ሁለት መስመር ብቻ ነበር።

«አንብቢልኝ» አለ ጋሽ ታፈሰ።

«ደርሰናል» ብዬ አነበብኩለት። «ባሕሩ እንደጻፍሽው ነበር።»